የማያሳፍር ጠረጴዛ

ጠረጴዛው በበሩ አልገባም አለ። አራት ጎረምሳ ተሸክሞት፣ አምስተኛው "ወደ ግራ! ግራህን አታውቅም እንዴ አንተ?" እያለ እየጮኸ፣ ቢያጋድሙትም ቢያቆሙትም እንቢ አለ። በመጨረሻ አናጢው ካቻቢቴውን ከኪሱ አወጣና በሩን ከነማጠፊያው ነቀለው። በር አስነቅሎ የሚገባ ዕቃ ደግ ነገር ይዞ አይመጣም። ይህን የሚናገር አስተዋይ ግን በዚያ ኮሪደር አልነበረም፤ ቢኖርም የሚሰማው አያገኝም ነበር።

ኃላፊዋ እጇን አጣምራ ታያለች። የደን መሥሪያ ቤቱ የዕቅድ ክፍል ኃላፊ ናት፤ ጫማዋ ቋ ቋ ሲል ጸሐፊዎቹ ወሬያቸውን ይውጡላታል። ጠረጴዛው ገብቶ መሐል ወለል ላይ ሲያርፍ ክፍሉ ሌላ ክፍል መሰለ። ከዳር እስከ ዳር አንድ ሳንቃ ነው፤ ስፌት የለው፣ ቅጥል የለው፣ መልኩ እንደ ማር።

"እንዴት ነው፣ ወደዱት?" አለ አናጢው ላቡን በክንዱ እየጠረገ።

"ደህና ነው፣ ይሁን" አለች፣ ልቧ ውስጡን እየጨፈረ።

"ወደዱት" እያለ አንቱ የሚላት ይህ ሰው ታላቅ ወንድሟ ነው። ከአንድ ማህፀን። ቢሮ ውስጥ ይህን የሚያውቅ አልነበረም፤ እሷ አልተናገረችም፣ እሱም ሞኝ አይደለም። ቤት "ሚጡ" ይላታል፣ እሷም "ጋሼ" ትለዋለች። ቢሮ ሲመጣ ግን "እርስዎ" ነው፤ ሰጋቱራ የጠጣ ሸሚዙ እንዳያሰድባት ብሎ። እሷ "እንዲህ አድርግ" ብላ አታውቅም። "ተው፣ ለምን?" ብላም አታውቅም። ከሁለተኛው ነው ነውሩ የሚጀምረው።

አባታቸው ሲሞት መላጊያውን ያነሳው እሱ ነው። ጢሙ ገና አልበቀለም። እሷ ትንሽ ልጅ ሆና ሳንቃ ሲሰነጥቅ "ሚጡ፣ ጫፉን ያዢ" ይላታል፣ ትይዛለች፤ መጋዙ ሲመጣና ሲሄድ ክንዷ እስኪዝል ትይዛለች። ከዚያ ከጸጉሯ ላይ ሰጋቱራውን በመዳፉ እያራገፈላት ትምህርት ቤት ይሰዳታል። እሱ ራሱ ትምህርት ቤት የሄደው የተሰበረ ወንበር ሊጠግን ብቻ ነው። እሷን አስተማረ፣ አስመረቀ፣ ኃላፊ አደረገ። እንዲህ ያለ ወንድም ያላት ሴት አደባባይ ወጥታ "ወንድሜ ነው!" ማለት ሲገባት፣ ይቺ "አናጢው" ብላ አሳለፈችው።

አሁን ወደ ዕቅዱ እንምጣ፤ ጣጣው ያለው እሱ ላይ ነው። ደን ሲጨፈጨፍና ሲቃጠል በግንዱ ውስጥ ተከማችቶ የኖረው ሁሉ ጭስና ጋዝ ሆኖ ሰማይ ይወጣል። ሰማዩ ይግላል፣ ዝናቡ ወሩን ይስታል። ስለዚህ ይህ ደን የበዛበት አገር "ጭፍጨፋውን እቀንሳለሁ፣ የምቀንሰውም እንዲህ እንዲያ አድርጌ ነው" ብሎ አንድ ትልቅ ዕቅድ አወጣ። ያወጣችው እሷ ናት፤ ዓይኗ እስኪደክም ስትለፋበት ኖራለች። የደን ዳር ሰዎች መንደር ድረስ እየሄደች "ከዛሬ ጀምሮ ለመጥረቢያ እጀታ እንኳ አንድ ቅርንጫፍ እንዳትነኩ፤ ዕቅዱ ካለፈ ትጠቀማላችሁ" ብላ አስምላቸዋለች። አሁን ደግሞ ዕቅዱ ውሃ ያነሳ እንደሆነ የሚመዝኑ ገምጋሚዎች ከውጭ ሊመጡ ነው። ካለፈ የእሷም የመንደሩም ልፋት ፍሬ ያፈራል። ከወደቀ ሁሉም ባዶ እጁን ይቀራል።

ታዲያ ሰው እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣበት ዕቅዱን አንድ ጊዜ ደግሞ ያነባል። እሷ ጠረጴዛውን አየች። አሮጌው ጠረጴዛ አንድ እግሩ በታጠፈ ካርቶን ነበር የሚቆመው። አፈረችበት። ሮጣ ወንድሟ ሱቅ ሄደች።

"ጋሼ፣ የማያሳፍር ጠረጴዛ ሥራልኝ። ከአንድ ሳንቃ፣ ስፌት የሌለው። አፋቸውን የሚያስይዝ።"

"ከአንድ ሳንቃ?" ሳቀ። "ሚጡ፣ እንዲህ ያለ ግንድ ገበያ ላይ ካለቀ ስንት ዘመኑ። ያለው እናንተ በምትጠብቁት ደን ውስጥ ብቻ ነው።"

"አንተ ታውቃለህ" አለችው፣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እያስተካከለች። "እኔ እንዳልሰማ።"

ወንድሟ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አነሳ። "ቢገኝም መድረቅ አለበት። እንጨት እንደ እናንተ ስብሰባ በጥድፊያ አይሆንም።"

"ሰዎቹ በወሩ መጨረሻ ይመጣሉ፣ ጋሼ። አታሳፍረኝ።"

እሱም ቢሆን ጻድቅ አልነበረም። "እንቢ፣ ነውር ነው" ማለት ይችል ነበር። ግን ዕድሜ ልኩን የበር ጉበንና የአልጋ እግር ሲልግ የኖረ እጅ እንዲህ ያለ ሳንቃ ሊነካ ነው ሲባል በላው። ከአንድ የደን ጥበቃ ጋር ተነጋገረ፤ ግንዱ ወጣ። ለመድረቅ ጊዜ ያልተሰጠው እንጨት ተላገ፣ በቫርኒሽ ታሸገ፣ አበራ። ከላይ ሲያዩት የደረቀ ይመስላል። ከላይ ሲያዩት ስንቱ ነገር ስንቱን ይመስላል።

ጠረጴዛው በገባ በማግሥቱ ገምጋሚዎቹ መጡ። ኃላፊዋ እንግዶቹ እንዳይበርዳቸው ብላ የኤሌክትሪክ ማሞቂያዎቹን ከዋዜማው ምሽት ጀምራ አስከፍታ ክፍሉን እንደ ዳቦ ቤት አሙቃዋለች። ወንድሟ ኮሪደሩ ላይ በርከክ ብሎ የነቀለውን በር መልሶ ይገጥማል፤ ማጠፊያው ጥርሱ ረግፎ አስቸግሮታል። እንግዶቹ አልፈውት ሲገቡ ከመንገድ ዘወር አለላቸው። እሷም አልፋው ገባች።

የገምጋሚዎቹ ሰብሳቢ ጠና ያሉ ሴት ናቸው፤ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል፣ ሲናገሩ አይቸኩሉም። ተቀመጡና ከወረቀቱ በፊት ጠረጴዛውን ዳሰሱት። መዳፋቸው ከዚህ ሄዶ እዚያ ደረሰ፣ ስፌት አላገኘም።

"የሚገርም ሳንቃ ነው። ከየት ተገኘ?"

የኃላፊዋ ምክትል፣ ሁልጊዜ ከእሷ ቀድሞ የሚስቅ ሰው፣ "የአገር ውስጥ ምርት ነው!" አለ ደረቱን ነፍቶ።

"ከፈረሰ አሮጌ ቤት የወጣ እንጨት ነው" አለች እሷ ቶሎ ብላ። ውሸቱ ከአፏ እንዴት ለስልሶ እንደወጣ ለራሷም ገረማት።

"እንዲህ ነው እንጂ፣ የወደቀን ማንሳት" አሉ ሰብሳቢዋ። መነጽራቸውን አጠለቁ። "እንግዲህ ዕቅዳችሁን አንብበነዋል። ጥበቃው ደህና ታስቦበታል። አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ደኑን የሚጨርሰው ማነው የሚለው ላይ ገበሬውን ጽፋችኋል፣ ከሰል አክሳዩን ጽፋችኋል፣ ጭራሮ ለቃሚዋን ሳይቀር ጽፋችኋል። ከተማው የት ገባ? በሩስ፣ አልጋውስ፣ የየቢሮው ዕቃስ ከምን ይሠራል?"

ምክትሉ ወደ እሷ ዞረ። እሷ ጉሮሮዋን ጠረገች። "የከተማው ድርሻ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። እኛ ባጠናነው መሠረት የከተማ ሰው የሚጠቀመው—"

ጧ!

ጥይት የተተኮሰ መሰለ። ከገምጋሚዎቹ አንዱ ወንበሩን ይዞ ወደ ኋላ ሄደ። ምክትሉን ሲፈልጉት ከጠረጴዛው ሥር ተገኘ። ሳንቃው ከሰብሳቢዋ ፊት ተነስቶ እሷ ፊት ድረስ ተሰንጥቆ ነበር፤ ከቆሙበት ላይ ሆነው ቂ... ቂ... እያለ አፉን ሲከፍት ይሰማሉ።

ሰብሳቢዋ ጣታቸውን ስንጥቁ ውስጥ አስገቡ። አወጡት፣ አዩት፣ አሸተቱት።

"ልጄ፣ ይሄ ቤት ትናንት ነው የፈረሰው?"

የሳቀ አልነበረም። ኃላፊዋ ምሳር የበዛበት ዛፍ ሆነች፤ ሁሉም ዓይን እሷ ላይ። እውነቱን ለመናገር አንድ ትንፋሽ ያህል ጊዜ ነበራት። ትንፋሹን ወሰደችና እንዲህ አለች፦

"ባለሙያው አታልሎን ነው።"

"ባለሙያው ማነው?"

"አንድ ከሰፈር ያመጣነው አናጢ ነው።"

ያኔ ነው ኮሪደሩ ላይ የካቻቢቴው ድምፅ ጸጥ ያለው። ወንድሟ በግማሽ የተገጠመውን በር ይዞ ቆሟል። በሩ ቢዘጋ ኖሮ ባልሰማ ነበር፤ በሩን ያስነቀለው ግን ጠረጴዛው ነው።

"እኔ ነኝ" አለ። ካቻቢቴውን ኪሱ ከተተ። "አሮጌ እንጨት ነው ብዬ ያመጣሁላቸው እኔ ነኝ። እሳቸው የሚያውቁት ነገር የለም።"

"እሳቸው።" ይህቺ ቃል እንደ ሚስማር ገባች። ሁልጊዜ ቢሮ ውስጥ የሚላት ነበር፤ እስከዚያች ሰዓት አልወጋትም እንጂ።

ምክትሉ ልብሱን እያራገፈ ተነሳ፤ አሁን ጀግና ነው። "በሕግ ይጠየቃል! ከጥብቅ ደን አንድ ዛፍ የቆረጠ ሱቁ ይታሸጋል፣ ዕቅዳችን ላይ ተጽፏል። አይደለም እንዴ፣ ኃላፊ?"

አንገቷን ነቀነቀች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ትንሽ። ለመካድ ብዙ አያስፈልግም።

ከሰዓት በኋላ ሱቁ ሄደች። ገና አልታሸገም። የወንድሟ ሚስት ደጃፉ ላይ የእንጨት ፍቅፋቂ በጆንያ ትሞላለች። አንገቷን ቀና አድርጋ አየቻትና ወደ ውስጥ ጮኸች፦

"ኃላፊዋ መጡ! ወንበር አውጡላቸው እንጂ! የደረቀ ይሁን ታዲያ፣ እርጥብ ላይ ሲቀመጡ ጓ ይልባቸዋል!"

"ተያት" አለ ባሏ ከውስጥ።

"ምን ተያት? የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ሲባል እሰማ ነበር፣ ዛሬ በዓይኔ አየሁ። የገበሬ ሚስት ጭራሮ ለቀመች ብላ ወረቀት ትጽፋለች፣ ለራሷ ግን ግንዱን ከነሥሩ! ደግሞ 'ከሰፈር ያመጣነው'! ሰፈር እኮ ነው ያሳደገሽ፣ አንቺ!"

ኃላፊዋ አልፋት ገባች። ወንድሟ ሞርሳውን ያጸዳል፤ አንድም ሥራ አልታሰረበትም፣ እሱ ግን ያጸዳል።

"ጋሼ..."

"አቤት።"

"ደንግጬ ነው። አስተካክለዋለሁ። ለጊዜው ይታሸግ፣ እኔ ከውስጥ ሆኜ..."

"እኔን ያናደደኝ መታሸጉ አይደለም" አለ ጨርቁን አስቀምጦ። "ዛፉን ቆርጫለሁ፣ ያገኘኝ ያግኘኝ። አንቺም አዘሽኛል፣ እሱንም እርሺው። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። 'ከሰፈር' ስትዪ የትኛው ሰፈር ነው? አንቺና እኔ ያደግንበት ነው ወይስ ሌላ አለሽ?"

ዓይኗ ሰጋቱራው ላይ ቀረ። እሱ ጨርቁን መልሶ አነሳ። "ሂጂ በይ። ዕቅድሽ ይለፍ" አላት። የመረቃት ይመስላል፤ ግን ፊቱን አላዞረም። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ ይባላል። እሷ ማልቀሱም አልመጣላትም። ያፈረ ሰው እንባ እንኳ ይሸሸዋል።

በማግሥቱ ገምጋሚዎቹ ደኑን በዓይናቸው ለማየት ወጡ። ሰብሳቢዋ መኪናው ውስጥ "ጉቶውን አሳዩኝ" አሉ። ሌላ አልጠየቁም።

የደን ዳር ሰዎች እንግዳ መጣ ሲባል ተሰብስበው ነበር፤ ወደ ጉቶው የመሯቸውም እነሱ ናቸው። ጉቶው ትኩስ ነው፤ ጠርዙ ላይ ወዝ አቅርሯል። ግንዱ ሦስት ሰው ተያይዞ ቢያቅፈው የማይሞላ ነበር፤ ከላይ የነበረው ጥላ ሄዶ ፀሐይዋ ያለ ከልካይ ሜዳው ላይ ተዘርራለች። ከመንደሩ ሰዎች አንዲት ወገባቸው የጎበጠ ሴት ቀረብ አሉና ጉቶውን በከዘራቸው ነካ ነካ አደረጉት።

"ኃላፊዋ፣ አወቁኝ?" አሉ። "ስብሰባው ላይ ፊት ለፊትዎ የተቀመጥኩት ነኝ። 'ቅርንጫፍ እንዳትነኩ' ብለው አስማሉን። እኔ የወደቀ ጭራሮ ለቅሜ ጥበቃው ሸክሜን ከጀርባዬ አወረደው። 'ሕግ ነው' አለኝ። እሺ አልኩ። ይሄን ያወረደው ግን ከማን ጀርባ ነው?"

"አናጢው ነው፣ እማማ" አለ ምክትሉ ጣልቃ ገብቶ። "ሌባ ነው፣ ሱቁን ዛሬ እናሽግበታለን።"

"አናጢ ብቻውን ይሄን ይሸከማል?" አሉ ሴትዮዋ። "ወይስ እንደ ጉንዳን ነው ጉልበቱ?"

መንደሩ ሳቀ። ገምጋሚዎቹም ፈገግ አሉ። ኃላፊዋ በዚያ ሳቅ መሐል ቆማ፣ ወንድሟ በሌለበት፣ በአገር ሁሉ ፊት "ሌባ" ተብሎ ሲጠራ ሰማች። ይህንን ሰምታ ዝም ካለች ዕቅዱ ያልፋል። አየችው ማለፉን፤ እንደ ጠረጴዛው ከላይ ሲያዩት ያብረቀርቃል።

"ሌባ አይደለም" አለች። ወደ ሴትዮዋ ዞራ ደገመችው። "ሌባ አይደለም፤ ወንድሜ ነው። ጠረጴዛውን ያዘዝኩት እኔ ነኝ። እንጨቱ ከየት እንደሚመጣ ነግሮኝ ነበር፤ 'እኔ እንዳልሰማ' አልኩት። ይድረቅ አለኝ፣ አይደርስልኝም አልኩት። ትናንት በእናንተ ፊት ከሰፈር ያመጣነው ያልኩት ያሳደገኝን ሰው ነው።"

ምክትሉ መሬት መሬት አየ። ጉቶው ሥር የመደበቂያ ቦታ አልነበረም።

ከዘራ የያዙት ሴት አዩዋት፣ ከእግሯ እስከ ጸጉሯ። "ኧረ ጉድ" አሉ ቀስ ብለው። ሌላ ስድብ አልጨመሩም። ቢጨምሩ ይሻላት ነበር።

ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጠርዝ ጠረጉት። "ዕቅዳችሁን አልጥለውም" አሉ። "አላሳልፈውምም። ትወስዱትና የጎደለውን ትጽፋላችሁ፤ ከተማው ምን ያህል እንደሚቆርጥ፣ ማን እንደሚያዝዝ፣ ማን እንዳልሰማ እንደሚሆን። የሚጽፈው ሰው የሚያውቀው ይሁን።" ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ዞር ብለው "የእርስዎም ጭራሮ ይመለስ" አሉ።

"ያንን ጥበቃው አንድዶታል፣ ምኑ ይመለሳል?" አሉ ሴትዮዋ።

ከኃላፊነቷ ወረደች። ምክትሉ ወንበሯ ላይ ወጣ፤ እሱ ሁልጊዜ የሚወጣበት አያጣም። እሷ ጥግ ላይ ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጣ የጎደለውን ምዕራፍ ትጽፍ ጀመር። ጥበቃው ተባረረ። የወንድሟ ሱቅም መታሸጉ አልቀረለትም፤ መቁረጡን ቆርጧልና፣ እውነት መናገሯ እሱን ነጻ አላወጣውም። ቤታቸው ስትሄድ የወንድሟ ሚስት በሩን ትከፍታለች፣ ውሃ ታቀርባለች፣ እንግዳ የሚጠየቀውን ትጠይቃታለች። መሰደብ ቀረ። የእንግዳነት አቀባበል ከስድቡ ይልቅ ያቃጥላል፤ የቀመሰ ያውቀዋል።

ምዕራፉ ሲያልቅ ገምጋሚዎቹ ተመልሰው እንደሚመጡ ተሰማ። አዲሱ ኃላፊ ጠረጴዛውን ያስወግዱልኝ አለ። ቀጥሎ በጨርቅ ይሸፈን አለ። ሰብሳቢዋ በስልክ "እዚያው ላይ ነው የምንቀመጠው፣ እንዳለ ይቆየን" ብለው መለሱለት። ስንጥቁ ግን እየሰፋ ሄዶ ጠረጴዛው ለሁለት ሊከፈል ሆነ፤ አናጢ መጠራት ነበረበት። ማን እንደሚጠራ ሲጠያየቁ እሷ ከጥጓ ተነስታ፣ ክፍሉ በሙሉ እየሰማ፣ "ወንድሜን ጥሩት፤ ሱቁ ቢታሸግም እጁ አልታሸገም" አለች።

መጣ። ያው ሸሚዝ ነው፣ ያው ሰጋቱራ። ከአሮጌ በር የቆረጣቸውን፣ አሁን በእውነት የደረቁ፣ እንደ ቢራቢሮ ወገባቸው የቀጠነ የእንጨት ማያያዣዎች ይዟል። በስንጥቁ ላይ አግድም ቦታ ቦታ ቀረጸላቸው፣ ኮላ ቀባ፣ በመዶሻ ጀርባ አስገባቸው። ስንጥቁን ለመደበቅ አልሞከረም፤ እንዳይብስ ብቻ ያዘው። እሷ ከግድግዳው ጋር ተጣብቃ ቆማ ታያለች፤ ልትሄድም አልቻለች፣ ልትቀርብም አልቻለች።

የመጨረሻውን ሲያስገባ ሳንቃው ከዚያኛው ጫፍ ተነሳበት። ተጫነው፣ ተመልሶ ተነሳ። አንድ ሰው ካልያዘለት አይሆንም። ቀና ብሎ ክፍሉን አየ፤ ከእሷ በቀር ሰው የለም።

"ያዢ" አላት።

"እርስዎ" አላላትም። ሚጡም አላላትም። ሄዳ ጫፉን ያዘች፣ ክንዷ እስኪዝል ያዘች፤ መዶሻው ባረፈ ቁጥር እንጨቱ መዳፏ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ሥራው ካለቀ በኋላም ልቀቂ እስኪላት ጠበቀች። ዕቃውን ሰብስቦ፣ የረገፈውን ሰጋቱራ በእጁ ጠርጎ፣ ካቻቢቴውን ኪሱ ከቶ ወጣ። ልቀቂ ሳይላት ነው የወጣው፤ እሷም እንደያዘች ቀረች።